የማኮሌ ብዕርና የማኮሌ ፍርድ

መጽሐፍ እንደ ሰው ነው። ከአንዱ ጥበብን፥ ከአንዱ ትዕግሥትን እንማራለን፤ ከሌላውም ጥፋቱን አይተን መጠንቀቅን እንማራለን። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥበቡንም ጥንቃቄውንም ካንድ ሰው የምንማርበት አጋጣሚ ይገኛል። ውድ ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ስለ እንደዚህ ያለ ጸሐፊ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ይኸውም የታሪክ ጸሐፊ፥ ባለቅኔና የመንግሥት ሰው የነበረው እንግሊዛዊው ቶማስ ባቢንግተን ማኮሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ስለ ማኮሌ የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የእንግሊዝኛን ዝርው ጽሑፍ አሳምረው ከጻፉት ሰዎች ቍጥር አግብቶ ያመሰግነዋል። ሁለተኛው ወገን፥ ይልቁንም በሕንድ አገር፥ ስሙን እንደ ስድብ ይቈጥረዋል፤ የአባቱን ቋንቋ ንቆ የእንግሊዝን ልማድ የያዘውን ሕንዳዊ «የማኮሌ ልጅ» ይለዋል። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ማመስገንም ሆነ መንቀፍ የሚገባው የጻፈውን ከመረመሩ በኋላ ነውና፥ እኛም በቅድሚያ ሰውየውንና ሥራውን እንመልከት።

ማኮሌ የተወለደው በ1800 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሌስተርሺር አውራጃ ነው። አባቱ ዘካሪ ማኮሌ በወጣትነቱ ጃማይካ ደሴት በሸንኮራ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ሲሠራ፥ በባሮች ላይ የሚደርሰውን ግፍ በዓይኑ አየ። ከዚያም ወዲያ ዕድሜውን የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማስቀረት ሲደክም ኖረ፤ ነጻ ለወጡ ባሮች በሴራሊዮን የተቋቋመውንም ሰፈር አስተዳደረ። ልጁ ያደገው ለንደን አጠገብ በክላፓም፥ ዊልበርፎርስን የመሰሉ የባርነት ተቃዋሚዎች በሚመላለሱበት ቤት ነው። ስለዚህ ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማው ጨዋታ ስለ ሕግ፥ ስለ ፍርድና ስለ ሰው ልጅ ነጻነት ነበር።

ማንበብ የጀመረው ገና በጣም ልጅ ሳለ ነው። የማስታወስ ኃይሉ እጅግ የሚያስገርም ነበር፤ የሚልተን «የገነት መጥፋት» እና የቡንያን «የክርስቲያን መንገድ» ከዓለም ላይ ቢጠፉ በቃሌ አስጽፌ እመልሳቸዋለሁ ይል እንደ ነበር የእኅቱ ልጅ ጽፎልናል። በካምብሪጅ ሲማር ሁለት ጊዜ በግጥም የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ሒሳብን ግን ስለ ጠላ በ1822 ዓ.ም. በማዕረግ መመረቅ ሳይሆንለት ቀረ። ይህን የምነግራችሁ በአንድ ትምህርት መውደቅ የሰው መጨረሻ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። በ1825 ዓ.ም. ስለ ሚልተን የጻፈው ሐተታ «ኤዲንበርግ ሪቪው» በተባለው መጽሔት በታተመ ጊዜ ስሙ በአንድ ጊዜ ወጣ።

በ1830 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆነ። የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ለራሱ ወገን ጥቅም አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አይሁድ እንደ ሌላው ዜጋ የፓርላማ ወንበርና የመንግሥት ሹመት እንዲፈቀድላቸው ተከራከረ። በሚቀጥለው ዓመት የሕዝብ እንደራሴዎች አመራረጥ እንዲሻሻል ያደረገው ንግግር ምክር ቤቱን አስደነቀ። ነገሩ ባጭሩ፥ ጊዜውን ጠብቆ የማይሻሻል መንግሥት በግድ ይፈርሳል ማለት ነው፤ ሕጉም በ1832 ዓ.ም. ጸደቀ። እርግጥ የመምረጥ መብት ለሁሉም ይሰጥ ሲባል ማኮሌ ራሱ በ1842 ዓ.ም. ተቃውሟል። ለመካከለኛው መደብ የከፈተውን በር ለሠራተኛው ለመክፈት አልደፈረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው ግን በ1833 ዓ.ም. የሠራው ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት ባርነትን የሚሽር ሕግ አቀረበ። ነገር ግን ሕጉ ባሮቹ ነጻ ከተባሉ በኋላም ለ12 ዓመት «ተለማማጅ» እየተባሉ ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር። ማኮሌ ያን ጊዜ የመንግሥት ሹመት ነበረው፤ አባቱም ገንዘቡን ከስሮ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ በእርሱ ላይ ወድቆ ነበር። እርሱ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስረክቦ በገዛ መንግሥቱ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ተናገረ። መንግሥት መልቀቂያውን አልተቀበለም፤ የተለማማጅነቱንም ዘመን አሳጠረ፤ በ1838 ዓ.ም. ደግሞ ጨርሶ ቀረ። ወጣቶች ሆይ፥ ሆዱ በሹመቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ለማያውቃቸው ሰዎች ነጻነት ሹመቱን ለመጣል የተዘጋጀ ሰው ክብር ይገባዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነቅፈውን ስታነቡ ይህን አትርሱ።

አሁን ወደ ድርሰቶቹ እንለፍ። በግጥም በኩል የታወቀው «የጥንታዊት ሮማ መዝሙሮች» ተብሎ ሊተረጐም በሚችለው በ1842 ዓ.ም. መጽሐፉ ነው። የጥንት ሮማውያን ጀግኖቻቸውን የሚያወድሱበት የሕዝብ ዘፈን ነበራቸው፤ ዘፈኑ ጠፍቶ ታሪኩ ብቻ በጸሐፊዎች መጽሐፍ ቀረ የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ማኮሌም ያ የጠፋው ዘፈን ምን ይመስል እንደ ነበር በእንግሊዝኛ ሠርቶ ሊያሳይ ሞከረ። ከነዚህ ሁሉ የሚታወቀው የሆራትዮስ ታሪክ ነው። ጠላት ሮማን ሊይዝ ሲመጣ ሆራትዮስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በወንዙ ድልድይ ላይ ቆሞ ይዋጋል፤ ከኋላው ሰዎች ድልድዩን ይቈርጣሉ፤ በመጨረሻ ብቻውን ቀርቶ ከነጋሻ ጦሩ ወንዙ ውስጥ ዘልሎ ይሻገራል።

ግጥሙ እንደ ነጋሪት ነው፤ ሲመታ ልብ ይነሣል፥ እግርም አብሮ ይረግጣል። ለትምህርት ቤት ልጅ ከዚህ የተሻለ የቃል ጥናት አይገኝም። ነገር ግን ነጋሪት ያስነሣል እንጂ አያጽናናም። በዚህ ግጥም ውስጥ ጀግናው አይጠራጠርም፥ አይፈራም፥ በሌሊት አያለቅስም። ሰው ኀዘን ባገኘው ጊዜ ወደ ማኮሌ ግጥም አይሄድም። ደራሲው ግን ኀዘንን የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሕንድ አገር ሳለ እጅግ የሚወዳት ታናሽ እኅቱ ማርጋሬት መሞቷን በሰማ ጊዜ ልቡ ተሰብሮ ነበር። የሚገርመው ይህ ሁሉ ኀዘን ከግጥሙ አለመግባቱ ነው። ማኮሌ ራሱ የሚያቅማማበትን ነገር በብዕሩ አይነካም፤ ይህን አስታውሱ፥ ኋላ እንመለስበታለን።

ትልቁ ሥራው የእንግሊዝ ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት በ1848 ዓ.ም.፥ ሦስተኛውና አራተኛው በ1855 ዓ.ም. ወጡ፤ አምስተኛውን ከሞተ በኋላ እኅቱ በ1861 ዓ.ም. አሳተመችው። ከ1685 ዓ.ም. ተነሥቶ እርሱ እስከሚያስታውሰው ዘመን ድረስ ሊጽፍ አስቦ ነበር፤ ግን ወደ ሃያ ዓመት የማይሞላ ታሪክ ጽፎ ሞት ቀደመው። ሁለቱ መጻሕፍት በ1855 ዓ.ም. በወጡ ጊዜ ሽያጩ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ አሳታሚው በሚቀጥለው ዓመት 20,000 ፓውንድ በአንድ ቼክ ከፈለው። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ሀብት ነበር።

ታሪኩ ይህን ያህል የተወደደው ስለ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ማኮሌ ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ዝርዝር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። በሦስተኛው ምዕራፍ በ1685 ዓ.ም. እንግሊዝ ምን ትመስል እንደ ነበር ሲነግረን፥ መንገዱን፥ የፖስታውን ሥራ፥ የገጠሩን ቄስ ድኽነት፥ የለንደንን ቡና ቤት፥ የሠራተኛውን ደመወዝ ሳይቀር ይቈጥርልናል። ሁለተኛ፥ ቦታውን ሄዶ ያያል። የግሌንኮን እልቂት ለመጻፍ ወደ ስኮትላንድ ተራራ ወጣ፤ ስለ ሎንዶንደሪ ከበባ ለመጻፍ ወደ አየርላንድ ተሻገረ። ሦስተኛ፥ ያልጠራ ዐረፍተ ነገር አይጽፍም። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አንብባችሁ እንድትረዱት አያስገድዳችሁም። ለመጻፍ የምትፈልጉ ልጆች ይህን ትጋትና ይህን ጥራት ተማሩለት። ብዙ ጊዜ የማይገባ ጽሑፍ የሚጻፈው ጸሐፊው ሊቅ ስለ ሆነ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነገሩን ስላልጨረሰው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥራት ዋጋ አስከፍሎታል። ዓለም እንደ ማኮሌ ዐረፍተ ነገር የጠራች አይደለችም። በታሪኩ ውስጥ ሰው ወይ ነጭ ነው ወይ ጥቍር፤ ግራጫ አይገኝም። ንጉሥ ዊልያምን ከወደደው የግሌንኮ ደም ከንጉሡ ላይ ታጥቦ በአማካሪዎቹ ላይ ይፈስሳል፤ ማርልቦሮን ከጠላው የሠራው ሁሉ ክፉ ይሆናል። የዘመኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ሜልበርን፥ ማኮሌ በሁሉ ነገር እርግጠኛ የሆነውን ያህል እኔ በአንድ ነገር እንኳ እርግጠኛ በሆንሁ ብሎ ቀልዶበታል ይባላል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1685 ዓ.ም. በእንግሊዝ ዐመፅ ተነሥቶ ሲወድቅ፥ የቶንተን ከተማ ተማሪ ልጃገረዶች ለዐመፀኛው ሰንደቅ ዓላማ ሰጥታችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ከወላጆቻቸውም ለንግሥቲቱ ደንገጡሮች የማስለቀቂያ ገንዘብ እንዲወጣ ታዘዘ። በዚህ አሳፋሪ ሥራ እንዲያስማማ የተጻፈው ደብዳቤ «ለአቶ ፔን» ይላል። ማኮሌ ይህን የፔንሲልቫንያ መሥራች፥ የኩዌከሮች መሪ የነበረው ዊልያም ፔን ነው ብሎ ጻፈ። ሌሎች ግን ጆርጅ ፔን የሚባል፥ በእንደዚህ ያለ የምሕረት ንግድ የታወቀ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ማስረጃ አቀረቡ። በ1849 ዓ.ም. ኩዌከሮች መልእክተኞች ልከው ነገሩን ፊት ለፊት አስረዱት። ማኮሌ ግን የጻፈውን አልለወጠም፤ ይልቁንም ክርክሩን በኋላ እትም አጠነከረ።

በአማርኛችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባል ተረት አለ። ይህ ቃል ለገባበት ሰው፥ ለመሐላና ለአደራ የተነገረ ነው። ለስሕተት ግን አልተነገረም። ቃሉን የማያጥፍ ሰው ይከበራል፤ ስሕተቱን የማያርም ሰው ግን በቃሉ ጸና አይባልም። እናንተም ከጓደኛ ጋር ስትከራከሩ ማስረጃው ሲቀርብላችሁ «ተሳስቻለሁ» ማለትን ከማኮሌ አትማሩም፤ ይህን ከሌላ ዘንድ ፈልጉ።

እስካሁን ያየነው ጥፋት በሞተ ሰው ስም ላይ የተሠራ ነው። ሕንድ አገር የሠራው ግን ለሚወለዱት ሁሉ የደረሰ ነው። ማኮሌ በ1834 ዓ.ም. የገዥው ምክር ቤት የሕግ አባል ሆኖ በዓመት 10,000 ፓውንድ ደመወዝ ወደ ሕንድ ሄደ። በዚያም ያመሰገነውና ያስወቀሰው ሥራ አብረው ይገኛሉ። ለጋዜጦች ነጻነት ተከራከረ፤ እንግሊዛውያን ነዋሪዎች ከሕንዶቹ ተለይተው የያዙትን የይግባኝ መብት የሚሽረውን ሕግ ደግፎ፥ በገዛ ወገኖቹ ጋዜጣ ክፉኛ ተሰደበ። ለሁሉም አንድ የሚሆን የወንጀል ሕግ በ1837 ዓ.ም. አረቀቀ፤ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ በሕንድ እስከ 2024 ዓ.ም. ድረስ ዋናው የወንጀል ሕግ ሆኖ ቆየ።

የሚወቀሰው በ1835 ዓ.ም. የካቲት ወር መጀመሪያ ስለ ትምህርት በጻፈው ማስታወሻ ነው። መንግሥት ለትምህርት የመደበው ገንዘብ በሳንስክሪትና በዐረብኛ ለሚሰጠው ትምህርት ይዋል ወይስ ለእንግሊዝኛ የሚል ክርክር ነበረ። ማኮሌ ለእንግሊዝኛ ፈረደ። እንግሊዝኛ ይጠቅማል ቢል ኖሮ ብዙ ሕንዶችም ይስማሙበት ነበር፤ ሊማሩት የሚፈልጉ ብዙዎች ነበሩና። እርሱ ግን በዚህ አላበቃም። ሳንስክሪትም ዐረብኛም እንደማያውቅ እዚያው አምኖ፥ የሕንድና የዐረብ ጽሑፍ ሁሉ ተደምሮ ጥሩ የአውሮፓ መጻሕፍት ያሉበትን አንድ መደርደሪያ አያህልም ብሎ ጻፈ።

እውነት ነው፥ ትርጕሞችን አንብቤአለሁ፥ ቋንቋውንም የሚያውቁ ሊቃውንትን ጠይቄአለሁ ብሏል። ነገር ግን ይህ ሰው በካልካታ በዕረፍት ጊዜው የግሪክና የላቲን መጻሕፍትን በገዛ ቋንቋቸው እየደጋገመ ያነብ ነበር። አንድ ሰው ግሪክኛ ሳያውቅ በትርጕም ብቻ ሆሜርን አይቶ «የግሪክ ጽሑፍ ከንቱ ነው» ቢለው ኖሮ ማኮሌ ምን ይለው ነበር? ለግሪክ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት ለሕንድ ነፈገ። እንዲያውም በዚያው በካልካታ ከተማ ዊልያም ጆንስ በ1784 ዓ.ም. ያቋቋመው የእስያ ማኅበር ነበረ። የማኅበሩ ጸሐፊ ጄምስ ፕሪንሴፕ በ1837 ዓ.ም. ማኮሌ በዚያው ከተማ ተቀምጦ ሳለ፥ ለብዙ መቶ ዓመታት ማንም ሊያነበው ያልቻለውን የብራህሚ ፊደል ፈታ፤ በዓለት ላይ የተቀረጸውን የንጉሥ አሾካን ዐዋጅም አነበበ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረ ንጉሥ በጦርነት ስላፈሰሰው ደም መጸጸቱን፥ ለሰውና ለእንስሳ መድኃኒት እንዲዘጋጅ ማዘዙን የሚናገር ጽሑፍ ነው። ያ መደርደሪያ የማይበቃው መጽሐፍ ከማኮሌ ቤት ብዙ ሳይርቅ ይነበብ ነበር።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገሩ ወደ እኛም ይመጣል።

ማኮሌ በ1856 ዓ.ም. ለአንድ ታላቅ የእንግሊዝ መዝገበ ዕውቀት የሳሙኤል ጆንሰንን የሕይወት ታሪክ ጻፈ። ጆንሰን በ1759 ዓ.ም. «ራሴላስ» የሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ ፈጥሮ መጻፉን ታውቃላችሁ፤ መጽሐፉ በአማርኛም ተተርጕሟል። ማኮሌ ይህን መጽሐፍ ሲነቅፍ፥ ጆንሰን የራሱን ዘመን እንግሊዛውያን የኢትዮጵያ ስም ሰጥቶ አናገራቸው ይላል። ይህ ነቀፋ በራሱ ትክክል ነው፤ የራሴላስ ሰዎች በእውነት እንደ ለንደን ፈላስፎች ነው የሚናገሩት። ግን ማኮሌ እዚህም ላይ አልቆመም። እውነተኞቹ ሐበሾች ምን እንደሚመስሉ ከጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ማወቅ ይቻላል ብሎ፥ ቆሻሾች፥ ፊደል የማያውቁ፥ ከቁም ከብት የተቈረጠ ጥሬ ሥጋ የሚሰለቅጡ አረመኔዎች አድርጎ ሥሎናል።

እስቲ ማኮሌ ምስክር አድርጎ ወደ ጠራው ወደ ብሩስ እንሂድ። ብሩስ ጐንደር የገባው በ1770 ዓ.ም. ነው። ጥሬ ሥጋ ስለ መብላት መጻፉ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ብሩስ ከኢትዮጵያ ሲመለስ በብራና የተጻፉ የግእዝ መጻሕፍት ይዞ ነው የተመለሰው። ከነዚህም ውስጥ በአውሮፓ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት የሆነው፥ ሙሉውን ያቈየችው ኢትዮጵያ ብቻ የሆነችው መጽሐፈ ሄኖክ ነበረበት። ከቅጂዎቹ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው መምህር ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1821 ዓ.ም. አሳተመው። ይህም ማኮሌ ገና የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ፥ ስለ እኛ ያን ቃል ከመጻፉ 35 ዓመት በፊት ነው። ከዚያም ቀድሞ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ዓ.ም.፥ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 ዓ.ም. አሳትሞ ነበር። የሌለ ፊደል መዝገበ ቃላት አይጻፍለትም።

እንግዲህ ማኮሌ ከብሩስ መጽሐፍ ጥሬ ሥጋውን አነሣ፤ ብራናውን ግን ተወው። ማስረጃው አልጠፋበትም፤ በዓለም ላይ እንደ እርሱ ብዙ ያነበበ ሰው ጥቂት ነበር። የጐደለው መጽሐፍ አልነበረም። እኔ ያላወቅሁት ነገር ይኖር ይሆን ብሎ አንድ ጊዜ መቆም ነው የጐደለው። ስለ ግጥሙ ስናገር፥ የሚያቅማማበትን ነገር በብዕሩ አይነካም ያልኋችሁን አስታውሱ። ማቅማማት የሌለበት ብዕር ያማረ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ትክክለኛ ፍርድ ግን አይጽፍም። በባሮች ነገር ትክክል የፈረደው አባቱ በዓይኑ አይቶ፥ መርምሮ፥ ቈጥሮ ያስረዳው ስለ ነበረ ነው። በሕንድና በኢትዮጵያ ነገር የተሳሳተው ሳያይ ስለ ፈረደ ነው።

ይህን ስጽፍ በማኮሌ ላይ ለመሳለቅ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከሃምሳ ዓመት በፊት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ የሆራትዮስን ግጥም በቃሌ አጥንቼ በክፍል ፊት ቆሜ ስለው ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እንደ ሮማ ጀግና ቈጠርሁት። በክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ ስመለስ ቅኔ አዋቂ የነበሩት አያቴ የብራና ዳዊታቸውን አውጥተው፥ «ልጄ፥ ዓይኔ ደክሟልና እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

«አባባ፥ ይህ እኮ የሞተ ቋንቋ ነው፤ ምንም አይጠቅምም» አልኋቸው።

አልተቈጡም። «ማን ነው እንዲህ ያለህ?» አሉኝ።

«በመጽሐፍ ነው ያነበብሁት፤ የተማሩ ሰዎች ናቸው የሚሉት።»

አያቴ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ያሉት ሰዎች አንብበውታል ወይ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁኝም፤ መጽሐፉን በማኅደሩ መልሰው ሰቀሉት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ክርስትና በተነሣሁ ቀን ለእኔ የተቀኙትን ቅኔ በአንዲት ቍራጭ ብራና ጽፈው ከዳዊቱ መካከል አስቀምጠውት ተገኘ። ፊደሉን አነበብሁት፤ ቋንቋውን ግን አላወቅሁትም። ለሌላ የቅኔ መምህር ወስጄ ባሳየው ሰሙን ፈታልኝ። ወርቁን ግን «ይህ የቤት ነገር ይመስለኛል፤ የሚያውቀው የተቀኘው ነው» አለኝ። እርሳቸውን መጠየቅ የምችልባቸው ሦስት ክረምቶች ነበሩኝ፤ አልጠየቅሁም። ከብዙ ዘመን በኋላ መምህር ሆኜ ማኮሌ ስለ ጆንሰን የጻፈውን ሳነብ፥ መጀመሪያ ተቈጣሁ፤ ወዲያው ግን ቍጣዬ ወደ ራሴ ተመለሰ። እርሱ ከሩቅ ሆኖ ሳያነብ ፈረደብን፤ እኔ ግን በገዛ አያቴ ጕልበት ሥር ተቀምጬ ነው ያንኑ የፈረድሁት።

ስለዚህ ማኮሌን አታንብቡ አልላችሁም። እንዲያውም አንብቡት። ትጋቱን፥ ዐረፍተ ነገሩን ማጥራቱን፥ ስለ ባሮች ሹመቱን ለመጣል መቍረጡን ተማሩለት። እንግሊዝኛውንም አጥኑ፤ ሌላ ቋንቋ ማወቅ ሁለተኛ መስኮት መክፈት ነው፥ አንዱን መስኮት ለመክፈት ግን ሌላውን መዝጋት አያስፈልግም። ማኮሌን የነቀፍሁት እንግሊዝኛን ስላከበረ አይደለም፤ ሌላውን ሳያውቅ ስለ ናቀ ነው። እኛም በተራችን የእርሱን መጻሕፍት ሳናነብ «ይህ የነጭ ትዕቢት ነው» ብለን ብንጥላቸው ያንኑ ጥፋት በእርሱ ላይ መመለሳችን ይሆናል። አያቴ ያንን ጥያቄ ስለ ግእዝ ብቻ አልጠየቁትም ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ አንድ ሰው በፊታችሁ ስለ አንድ ሕዝብ፥ ስለ አንድ ቋንቋ ወይም ስለ አንድ መጽሐፍ በእርግጠኝነት ሲፈርድ፥ ንግግሩ ምንም ቢያምር ቶሎ አታጨብጭቡ። በለዘበ ቃል፥ «አንብበኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከእርሱም በፊት ግን ራሳችሁን ጠይቁ።